ቲኪውም ባለቤት አለው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የታሮት ካርዶችን በቲኪ (በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የፖሊኔዥያ ደሴቶች በሰው አምሳል በሚቀረጸው ምስል) መልክ ስለሳሉት አርቲስቶች የጋራ ዐውደ ርእይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ታሮት ራሱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ መጫወቻ ካርታ ነበር። በካርዶቹ መጠንቆሉ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ 78ቱን ካርዶች እንደ አዲስ መሳል ምንም ነውር የለበትም።

ቲኪው ላይ ግን ቅር ብሎኛል። በፖሊኔዥያ ለሚገኙት ለማርኬሳስ ደሴቶች ሰዎችና ለኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ለማኦሪዎች እነዚህ ቅርጾች ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው ጋር የተያያዙ፣ የተከበሩ ናቸው። በቲኪ መልክ የተሠራው፣ ጥርሱን የሚያሳየው የኮክቴል ኩባያ ደግሞ የአሜሪካ ቡና ቤቶች ፈጠራ ነው፤ ፋሽኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው የተጀመረው። ጽሑፋችሁ ሁለቱን አልለየም። በየሥዕሉ ሥር ቅርጹ ከየትኛው ደሴት እንደተወሰደ ቢጻፍ ምን ነበረበት? በሚቀጥለው ደግሞ እባካችሁ የፖሊኔዥያ ሠዓልያንን ራሳቸውን አነጋግሩልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከሎስ አንጀለስ