ጣሪያችንን የሚፈትነው ዝናብ ብቻ መሆን አለበት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በድሬዳዋ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ነኝ። በጋዜጦቻችን ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ብዙ ይጻፋል፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስለሚያፈስ ጣሪያ ግን ሲጻፍ እምብዛም አላይም። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ገና ቀለማቸው ያልደበዘዘ ሕንፃዎች አሉ፤ ወደ አንዳንዶቹ ገብቶ የላይኛውን ፎቅ ኮርኒስ ቀና ብሎ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

እኛ ዘንድ ጥፋቱን የሚደብቀው አየሩ ነው። ርክክብ ኅዳር ወይም ጥር ላይ ይደረጋል፤ ሰማዩ ደረቅ፣ ጣሪያው ደረቅ፣ ሁሉም ደስተኛ ነው። የበልጉ ዝናብ ከሰሰተ ደግሞ ፈተናው እስከ ሐምሌ ይዘገያል። በዚያን ጊዜ ከውሃ መከላከያው ሽፋን በላይ ሊሾ ፈስሷል፣ ሴራሚክ ተነጥፏል፣ ሠራተኞቹም ተበትነዋል። ውሃ ደግሞ በገባበት ትይዩ አይወጣም። በሽፋኑና በሶሌታው (ከሥሩ ባለው የአርማታ ጣሪያ) መካከል መንገድ ፈልጎ ይሄድና ከቀዳዳው ሜትሮች ርቆ ሳሎን ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ አንዲት ቀዳዳ ፍለጋ ግማሽ ጣሪያ ይፈነቀላል።

አንድ ኮንትራክተር «የውሃ ሙከራ እያደረግን ነው፣ ና ተመልከት» ብሎ ጠራኝ። ስደርስ የቀን ሠራተኛው በጎማ ጣሪያውን ያርሳል፤ ውሃውም ተዳፋቱን ተከትሎ እየሮጠ ወደ መውረጃው ይገባል። ይህ ጣሪያ ማጠብ ነው።

ሙከራ ማለት የመውረጃዎቹን አፍ አጥብቆ ደፍኖ ውሃውን ማቆም ነው፤ ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ቢቻል ለ48። ከዚያ በፊት መሐንዲሱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ግራም ይጭናል። ተዳፋቱም መታሰብ አለበት። በመቶ 2 ተዳፋት ባለው ጣሪያ 5 ሜትር ሲኬድ የ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ስለሚኖር፣ ጣሪያውን በግድብ ከፋፍሎ ተራ በተራ መሙላት ይሻላል። የውሃው ከፍታ ፓራፔቱ (የጣሪያው ዙሪያ አጭር ግንብ) ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፤ ከአጠገቡም ውሃ የያዘ ሰፊ ሳፋ ይቀመጥ። የድሬዳዋ ፀሐይ በአንድ ቀን ውስጥ ውሃውን ዝቅ ማድረጓ አይቀርም። ሳፋው ውስጥ ያለውም በዚያው ልክ ከቀነሰ የጠጣችው ፀሐይ ናት፤ የጣሪያው ብቻ ከጎደለ ግን ሌላ መውጫ አግኝቷል።

ትልቁ ሥራ ከሥር ነው። ባትሪ ይዞ ሶሌታውን ከታች መመልከት ይገባል፤ በተለይ ቧንቧ ሶሌታውን በሚበሳበት ዙሪያ። መጀመሪያ የሚታየው ጠብታ አይደለም፤ አርማታው ላይ የሳንቲም ያህል ጠቆር ያለ እርጥበት ነው፣ እጅ ሲነካው የሚቀዘቅዝ። ሽፋኑ መሐል ሜዳው ላይ የሚያፈሰው አልፎ አልፎ ነው። ችግሩ ያለው ማዕዘን ላይ፣ መውረጃው አፍ ላይና አንዱ የሽፋን ጥቅል ከሌላው ጋር በሚደራረብበት ጠርዝ ነው። በጋዝ እሳት የሚለጠፈው ሽፋን በደንብ ከተያያዘ ከጠርዙ ቀጭን የሬንጅ መስመር ጨመቅ ብሎ ይወጣል። ያ መስመር በሌለበት ቦታ የካቻቢቴ ጫፍ ሳይታገል ይገባል። ይህን ውሃ ከመሙላቱ በፊት ማየት ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ቀዳዳውን ነጥሎ የሚያሳይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያም አለ። ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ከሥሩ ያለው አርማታ ግን ያስተላልፋል፤ መሣሪያው የሚፈልገው ኤሌክትሪኩ ሾልኮ የሚያልፍበትን ነጥብ ነው። ለትልልቅ ሕንፃዎች ቢመጣ ደስ ይለኛል። ለመጸዳጃ ቤት ወለል ግን ጥቂት ባልዲ ውሃ ይበቃል፤ እሱንም የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው።

«በውሃ ችግር በሚሰቃይ ከተማ ይህን ሁሉ ውሃ ማፍሰስ ነውር ነው» የሚሉኝ አሉ። መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ 5,000 ሊትር ይፈልጋል፣ አልክድም፤ ቦቴ ጠርቶ መክፈልም ያማል። ነገር ግን ውሃው የትም አይሄድም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ይሳባል፣ በመጨረሻም አዲስ አርማታ ይጠጣዋል። ክርክሩን የሚያነሱት ሰዎች ለዚያው አርማታ ሲሆን ቦቴውን ራሳቸው ይጠራሉ።

የሕንፃ ባለቤቶችን የምጠይቀው ይህ ሙከራ በውሉ ላይ ራሱን ችሎ እንዲጻፍ፣ የውሃ መከላከያው ሥራ ክፍያም ሙከራው በአማካሪው ፊርማ ሳይረጋገጥ እንዳይለቀቅ ነው። የሮቶ መቆሚያና የዲሽ ምሰሶም ከሙከራው በፊት ይተከሉ። ከሙከራው በኋላ ሽፋኑን በቡሎን የበሳ ካለ፣ ያን ቦታ አስጠግኖ፣ ዙሪያውን ገድቦ፣ እንደገና ውሃ ማቆም ነው፤ ወጪውንም የበሳው ሰው ይሸፍን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ ድሬዳዋ