ደራርበሽ ስትለብሺ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ብርዱ ስለጠናብሽ ወፍራም ካፖርት ልትገዢ አስበሻል። እባክሽ አትቸኩዪ። የሚያሞቀው የጨርቁ ውፍረት ሳይሆን በልብሶቹ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ነው። ሦስት ስስ ልብስ ብትደራርቢ ይሞቅሻል፤ ሲከብድሽም አንዱን ታወልቂያለሽ።

ከሁሉ በላይ የምሠጋልሽ ላብሽን ነው። የጥጥ ካናቴራ ለቤት ይሁንልሽ፤ ለውጭ ግን ተይው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያሸሻል። አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ ሮጠሽ ያላበው ጀርባሽ፣ ቆመሽ ስትጠብቂ ነው እንደ በረዶ የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ ከገላሽ የሚነካካው ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ይሁን፤ ልክክ ይበልሽ፣ ከሰፋ ላቡን አያነሳልሽም። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ውጦ እንኳ እርጥብ አይመስልም። ፖሊስተሩን ስታጥቢ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሪ፤ ክሮቹን ይለብድና ላብ መሳቡን ይቀንሰዋል። ጫፉን ሱሪሽ ውስጥ ክተቺው፤ ባጎነበስሽ ቁጥር ብርድ የሚገባው በወገብ ነው።

ከዚያ በላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ (ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ለስላሳ ጨርቅ) ልበሺ። የላባ ጃኬት ከሁሉም ይሞቃል፤ ከረጠበ ግን ላባው ይጣበቅና አየር መያዙን ያቆማል፣ ለዝናብ አትመኚው።

የላይኛው ልብስ ሥራው ነፋስና ዝናብ መከልከል ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ፣ ፊትሽ ከዜሮ በታች 20 ያህል ሆኖ ይሰማዋል። ስትገዢው ሹራብሽን እንደለበስሽ ለኪው፤ እጅሽን ወደ ላይ ስታነሺ ከጨነቀሽ ጠቦሻል። የጠበበ ልብስ በልብሶቹ መካከል የተያዘውን አየር ጨምቆ ያስወጣዋል።

እግርሽ ሲበርድሽ ሁለት ካልሲ ደርበሽ ጫማው ውስጥ አትወጥሪው፤ ደም እንደልቡ ካልተዘዋወረ ጣቶችሽ ይብሱን ይደነዝዛሉ። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ጣቶችሽን የምታንቀሳቅሺበት ቦታ ያለው ጫማ። ጓንትም ቢሆን አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ይሻላል፤ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ።

ደግሞ ከቤት ስትወጪ በጣም ሞቆሽ አትውጪ፤ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበልሽ፣ አሥር ደቂቃ ስትራመጂ ይስተካከላል። ላብ ሳይጀምርሽ ዚፑን ክፈቺ፣ ኮፍያሽን አውልቂ። ስትቆሚ ደግሞ ሳይበርድሽ በፊት መልሰሽ ልበሺው። ረጅም መንገድ ካለብሽ ደረቅ ካናቴራ በፌስታል ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፤ ስትደርሺ መጀመሪያ የምትቀይሪው እሱን ነው።

እናትሽ