ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች የጀመርነው መዋጮ

ውድ አባላት፣

ለገጠሩ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር መግዣ የጀመርነው መዋጮ አሁንም ክፍት ነው። ቃል የገባችሁ፣ እባካችሁ አስገቡ።

ላፕቶፕ የመረጥነው በምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ ወዲያው ይዘጋል፤ ልጁ ሴቭ ሳያደርግ የጻፈውም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፣ የሚበላውም ኃይል ያነሰ ነው። ለሶላር፣ ለጥገናና ለመምህራን ሥልጠናም ገንዘብ መመደብ አለብን። ይሄ ከተረሳ ማሽኑ ተቆልፎበት ይቀራል።

ኢንተርኔት ባይኖርም አትስጉ። ኪዊክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን አንዴ ጭኖ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል። ለእነዚህ ልጆች ትልቅ ነገር ነው!

አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁም አምጡ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ በ2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሲስተም እንጭንበታለን። የግል ፋይላችሁን ቀድማችሁ አውጡ፤ ቻርጀሩንም እንዳትረሱ።