ወፌ ቆመች፣ በውቅያኖስ መሃል

ለውድ እህቴና ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ድሬዳዋስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የምጽፈው አጥቼ አይደለም፤ በመጀመሪያ መባል ያለበት ነገር እጄን ስለከበደው ነው። እንግዲህ ልበለው። አባትሽ ሲያርፉ አልመጣሁም። አራስ ነበርኩ፤ ልጄ ገና ሃያ ቀኗ ነበር፤ በዚህ ማንም አይፈርድብኝም። ነገር ግን አርባቸው አለፈ፣ ሰማንያቸው አለፈ፣ ከአራስ ቤት ወጥቼ ሥራዬን ጀመርኩ፣ ስልክ አንስቼ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንኳ አላልኩሽም። አንድ ሳምንት ዘገየሁና አፈርኩ፤ ስላፈርኩ ደግሞ ወር ዘገየሁ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅሽን መስማት ራሱ አስፈራኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳችኝ ልጄ ናት። ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል ከማዘጋጃ ቤት ተነስተን የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ወረድን። ጥቂት እየሄደች፣ ጥቂት እየታዘለች ለገሃር ደረስን። አንበሳውን ስታይ በጣቷ እየጠቆመች ጮኸች። የእኔ ዓይን ግን ከአንበሳው ኋላ ባለው የጣቢያው ሕንፃ ላይ ቀርቶ ነበር። አባትሽ ከዚያ በር ብቅ ሲሉ ታዩኝ፤ ያ ቡናማ ሻንጣቸው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው ተምር። አሰብና ምጽዋ በ1985 ዓ.ም. ከካርታችን ሲወጡ እኔና አንቺ ገና ዳዴ እንል ነበር፤ ስለዚህ ባሕር ማለት ለእኛ የአባትሽ ወሬ ነበር። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር በሐዲድ መጥተው፣ አቧራውና ድካሙ ፊታቸው ላይ እያለ፣ አንቺ እጃቸውን ይዘሽ «ባሕሩ ዛሬ እንዴት ነው?» ትያቸዋለሽ። አንድም ቀን ሳይመልሱልሽ አልቀሩም። «ትልቅ ነው ልጄ። ጨው ጨው ይላል።»

አብረን እንደምናየው ተማምለን ነበር። እኔ ያለ አንቺ አየሁት፤ ባለፈው መስከረም ከልጄ ጋር አትላንቲክን በመርከብ አቋረጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ያለችው ታላቅ እህቴ የአንድ ዓይኗ ሬቲና ተላቆ ቀዶ ሕክምና አደረገች። ሐኪሞቹ የተላቀቀውን ቦታው ላይ ደግፎ እንዲያቆይላቸው ዓይኗ ውስጥ ጋዝ አስገቡ። ጋዙ ቀስ በቀስ ተመጥጦ እስኪያልቅ ድረስ፣ ይህም ሳምንታት ይወስዳል፣ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ጋዙ ተለጥጦ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። እኛ ጋ እንኳ መምጣት አይታሰብም ነበር፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እኔ እሷን ላስታምም ለንደን ነበርኩ። የልጇ ሠርግ ደግሞ ኒው ዮርክ ነው፣ ቀኑም ተቆርጧል። የቀረው መንገድ መርከብ ብቻ ነበር፤ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ኒው ዮርክ ሰባት ሌሊት። በአንድ ዓይኗ ብቻ እያየች ብቻዋን አትሄድም ብዬ ቆረጥኩ። እናቴ በስልክ ስትሰማ «ሕፃኗን ለዓሣ ልትሰጫት ነው?» ብላ አለቀሰች።

ልጄ 14 ወሯ ነበር። ይህም ዕድል ሆነን፤ ብዙዎቹ የመርከብ ኩባንያዎች እንዲህ ለተከታታይ ቀናት ወደብ በማይነካ ጉዞ ላይ ከ12 ወር በታች ሕፃን አይቀበሉም። መርከብ ላይ ሐኪምና አነስተኛ ክሊኒክ አለ፤ ነገር ግን ውቅያኖስ መሃል ሕፃን ክፉኛ ቢታመም ሆስፒታሉ የቀናት መንገድ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። የትኩሳት መድኃኒቱን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ፤ ዳይፐሩን ከምታስቢው እጥፍ፤ በሶውን ከአዲስ አበባ ይዤ ስለነበር እሱንም። በመጨረሻ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ሳፋ ገዛሁ። እህቴ «ሳፋ ተሸክመሽ ውቅያኖስ ልትሻገሪ!» ብላ ተቆጣች።

ያ ሳፋ ግን የጉዟችን ደስታ ሆነ። መዋኛ ገንዳው ዳይፐር ለሚያደርግ ሕፃን ክልክል ነው፤ ክፍላችን ውስጥ ያለው ደግሞ ሻወር ብቻ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ሳፋውን ሻወሩ ሥር አስቀምጬ እሞላና አስቀምጣታለሁ። የክፍሉ ግድግዳ አይንቀሳቀስ፣ መብራቱ አይንቀሳቀስ፤ መርከቡ ዝም ብሎ የቆመ ይመስልሻል። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ሆዷን ይነካል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ተመልሶ ወደ ጀርባዋ ይሄዳል። እሷ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ሲመጣ በሁለት እጇ ትመታዋለች። አንድ ማታ ስለ ታይታኒክ አሰብኩ፤ እሷም የተነሳችው ከዚያው ከሳውዝሃምፕተን ነው፣ አሁን ያረፈችበት ጥልቀት 3,800 ሜትር ያህል ነው። እንጦጦን ብትከችበት አናቱ አይታይም። እኔ ይህን እያሰብኩ ልጄ ሳፋዋ ውስጥ ትስቃለች።

ያስቸገረን ሰዓት ነበር። የለንደንና የኒው ዮርክ ልዩነት አምስት ሰዓት ስለሆነ፣ በጉዞው አምስት ሌሊት ሰዓታችንን አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስን። ለአዋቂ ተጨማሪ እንቅልፍ ነው። የሕፃን ሆድ ግን ሰዓት አይቆጥርም፤ መጀመሪያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ከዚያ 10 ሰዓት ላይ ነቅታ ወተት ትለኛለች። እህቴ እንዳትነቃ ልጄን በአንቀልባ አዝዬ እወጣለሁ፤ መርከቡ ከ300 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ኮሪደሩ ማለቂያ የለውም፣ ምንጣፉ ኮቴ አያሰማም። «እሹሩሩ» እያልኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስመላለስ፣ ከወለድኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቸኩልበት ቦታ አልነበረኝም። አንቺን ያሰብኩሽ ያን ጊዜ ነው፤ በየሌሊቱ።

በሦስተኛው ቀን ነፋሱ በረታ። ዝቅ ያለና መሃል ላይ ያለ ክፍል መርጠን ነበር፤ መርከብ በጣም የሚዋልለው ጫፉና ላዩ ነውና። ቢሆንም አልቻልንም። እህቴ አልጋዋ ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ወደቅን፤ ያስታውከኝ ነበር። ልጄን ግን ምንም አልነካት፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የባሕር ሕመም እምብዛም አይዛቸውም። እስከዚያ ቀን እየተደገፈች ትቆም ነበር እንጂ ለብቻዋ ተራምዳ አታውቅም። የሕፃን አልጋዋን ብረት ይዛ ታየኛለች። ወለሉ ወደ ራሷ ሲያዘነብል ትጠብቃለች። ወደ እኔ ሲያዘነብል ለቀቀች። አንድ፣ ሁለት፣ ቆም አለች፣ እግሮቿን ከፈተች፣ ወለሉ እስኪመለስ ጠበቀች፣ ሦስት፣ አራት፤ አንገቴ ሥር መጥታ ወደቀች።

«ምን ሆነች?» አለች እህቴ፤ ከአልጋዋ ሆና በአንድ ዓይኗ በደንብ አይታያትም።

«ወፌ ቆመች!» አልኩ። «ወፌ ቆመች!»

እህቴ ማጨብጨብ ጀመረች። ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ሆዷ እየታወከ፣ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» እያለች አጨበጨበች።

የቀረውን አሳጥሬ ልንገርሽ። ኒው ዮርክ የገባነው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ በትልቁ ድልድይ ሥር ሲያልፍና የነጻነት ሐውልትን ሲያይ ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነበር። ምድር ላይ ሳወርዳት እግሮቿን ከፍታ ቆመች፤ መሬቱ እስኪያዘነብል ትጠብቅ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቅ መሬት ላይ እየወደቀች ተነሳች። ሠርጉ አማረ። የእህቴም ዓይን ዳነ።

አንድ ነገር አለ፣ ለአንቺ ብቻ ያስቀረሁት። ትልቅ መርከብ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ ባሕር መሃል ሆነሽ ባሕሩን መንካት አትችይም፤ ውሃው ከሥርሽ ሩቅ ነው። ይህ በጣም አሳዝኖኝ ነበር። ነፋሱ ባቆመ ማግስት ማለዳ ልጄን አዝዬ ወደ ሰገነቱ ስወጣ የብረት መደገፊያው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። አመዳይ መሰለኝ። በጣቴ ጠረግሁና ቀመስኩት፤ ለልጄም ከንፈሯ ላይ አስነካኋት፤ ፊቷን አጨማድዳ ደግማ አፏን ከፈተች።

ጨው ጨው ይላል። አባትሽ እንዳሉት።

የነጠላዬን ጫፍ እዚያ ብረት ላይ ጠረግሁበት። ነጠላውን እስካሁን አላጠብኩትም፤ ያንቺ ነው። በነሐሴ ለአባትሽ ሁለተኛ ሙት ዓመት ከልጄ ጋር በባቡር እመጣለሁ፤ በሩን ብትከፍችልኝ ገብቼ አለቅሳለሁ፣ ያልደረስኩበትን ለቅሶ። የድሬ ሙቀት ለልጄ ይከብዳታልና አንድ ሳፋ ብቻ አዘጋጂልኝ።

ያንቺው፣
አዲስ አበባ፣ ለገሃር
ሐምሌ