ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ልክ፦ በቅርቡ ሰርቪስ ላስደረጉ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

የካምቢዮ ዘይት ባስቀየሩ ማግስት፣ ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው የመለኪያ ዘንጉን ሲመዙት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ቢያገኙት አይደንግጡ። «በዝቷል» ብሎ የሚቀንስልዎትንም አይፍቀዱለት። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ስለሆነ ብዙ ሰው ካምቢዮውንም እንደዚያው ይለካል፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ ሲሠራ የካምቢዮው ፓምፕ ዘይቱን ከኮፓው (ከሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) እየሳበ ወደ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል)፣ ወደ ቫልቮቹና ወደ ማቀዝቀዣው ይገፋዋል። ሲጠፋ ከፊሉ ተመልሶ ኮፓው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ዘንጉ አብዝቶ ያሳያል። ዘይት ሲሞቅም መጠኑ ስለሚጨምር ቀዝቃዛና ሙቅ ልኩ አንድ አይደለም።

ዘንግ ባላቸው የቆዩ ቶዮታዎች አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናውን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንዱትና ሜዳ ላይ ያቁሙት። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩን አያጥፉ። የእግር ፍሬኑን ረግጠው ማርሹን ከ«ፒ» እስከ መጨረሻው፣ በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እያቆዩ ያዙሩትና ወደ «ፒ» ይመልሱት። ከዚያ ዘንጉን መዘው ይጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው ይክተቱትና እንደገና ይምዘዙት። «ሆት» (ሙቅ) በሚለው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ልክ ነው። ይህ ምልክት የተሠራው ለ70–80 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ «ኩል» (ቀዝቃዛ) የሚለው ለግምት ብቻ ያገለግላል። የዘንጉ ሁለት ገጽ የተለያየ ካሳየ ዝቅተኛውን ይያዙ፤ ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ ዘንጉ ከሚገባበት ቱቦ ግድግዳ የተነካካ ነው። መጥረጊያው ክር የማይለቅ ጨርቅ ይሁን፣ ብጣሽ ክር ቫልቭ ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው። ከረጅም ጉዞ ወይም በጠራራ ፀሐይ ከመንገድ መጨናነቅ ሲወጡ ግን ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ።

ሆንዳ የተለየ ነው፤ ካሞቁት በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይለካል። ዘንግ የሌላቸው ካምቢዮዎች በክሪክ ተነስተው ከሥር ስለሚለኩ ለእኛ ይተዉልን።

በታፖው (ከሥር ባለው የማፍሰሻ ብሎን) ሲፈስ የሚወጣው ሁሉም ዘይት አይደለም። ባለ 4 ማርሽ ኮሮላ ላይ 3 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን ሙሉ መጠን ሳይሆን የወጣውን ያህል በሃይላንድ ለክተን እንመልሳለን። አዲሱ ዘይት ቶሎ ቢጠቁር የሚገርም አይደለም፣ ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሏል።

ቢጎድል በቱቦው በኩል ከ200 ሚሊ ሊትር ሳያልፉ እየጨመሩ ደግመው ይለኩ። የዘይቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ተጽፏል፤ ዴክስሮን የሚል ላይ ቲ-ፎር፣ ቲ-ፎር የሚል ላይ ዴክስሮን አይጨምሩ። ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ጠዋት «ዲ» ሲያስገቡ ይዘገያል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይጎትትም። ሲበዛም ምልክቱ ተመሳሳይ መሆኑ ነው አሳሳቹ፦ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን መትተው አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም።

ዘንጉ ላይ ወተት የመሰለ ሮዝ ካዩ ሞተሩን ያጥፉና ይደውሉልን፤ የራዲያተር ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ እየነዱ አይምጡ።

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ከመኪናው ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ቀይ ጠብታ ከካምቢዮውም ከመሪው ዘይትም ሊሆን ስለሚችል፣ የፊት ጎማ የቆመበትን ቦታ ካርቶኑ ላይ ምልክት አድርገው ይዘውልን ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ የካምቢዮ ክፍል