ደብዳቤ ለልጄ፦ አትፍቺላት

ሀዋሳ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ የኔ እናት፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ዝናቡ ቆሟል። ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ብርድ ብርድ ማለት ጀምሯል።

ስልክ ትቼ የምጽፍልሽ በስልክ ስለምትረቺኝ ነው። «እሺ አባ፣ እሺ አባ» ትይኝና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይሄን ወረቀት ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ትናንት ማታ የላክሽውን ፎቶ አየሁ። ውሻሽ ሎሚ ጭንሽ ላይ ተኝታለች። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ታምራለች። ግን አንገቷ ባዶ ነው፤ ስፌቷን እንዳትልስ የሚታሠርላት ያ የፕላስቲክ ኮን የለም። ከሥሩ «አሳዘነችኝ፣ ለዛሬ ማታ ብቻ ኮኑን ፈታሁላት» ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ልጄ፣ አትፍቺላት። እስካሁን ካላሠርሽላት ይሄን ማንበብ አቁሚና አሁኑኑ ሄደሽ እሠሪላት። ቀሪውን ተመልሰሽ ታነቢያለሽ።

ሎሚ የተሰፋችው ቅዳሜ ጥቅምት 15 ነው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ክሩ በ14 ቀን ይወጣል ብሎሻል። ስለዚህ እስከ ጥቅምት 29 ያ ፕላስቲክ ከአንገቷ አይወርድም። ቁስሉን ከላይ ስታዪው የዳነ ይመስልሻል፤ ቆዳው ገጥሟል፣ ደሙ ደርቋል። አልዳነም። ማህፀኗ ሲወጣ የተቀደደው ቆዳዋ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው የሆዷ ግድግዳም ተከፍቶ ነው የተሰፋው። ያ ገና ነው። ደግሞ ቁስል መዳን ሲጀምር ያሳክካል፤ በራስሽም አይተሽዋል። እኛ ሲያሳክከን በጣታችን ዳር ዳሩን እናሻሽና እንተወዋለን። እሷ ያላት ምላስና ጥርስ ነው። በፊት ጥርሷ አንዱን ክር ከያዘችው ሌላውን ለመምዘዝ ጊዜ አይፈጅባትም። አንቺ ቡና አፍልተሽ እስክትመለሺ ይበቃታል።

ውሻ ቁስሉን በምላሱ ያድናል ሲባል ሰምተሽ ነው ያደግሽው። እኔም እንደዚያው። ይሄን ሁሉ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ እንኳ ከልቤ አልወጣም ነበር። ሜዳ ላይ የተጫረ ትንሽ ቁስል ላይ ምላስ ቆሻሻ ይጠርግ ይሆናል። ስፌት ግን ሌላ ነው። ደጋግማ ስትልሰው ቆዳው ይርሳል፣ ይላላል። አፏ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በክሩ ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ መግል ነው።

የግቢው ልጆች ሳቁባት አልሽኝ። አከራይሽም «ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምታሠቃያት» አሉሽ። ለሰው አፍ ብለሽ እንደሆነ የፈታሽው ተይው። ለልጆቹ ይሄን ንገሪያቸው። ፈረንጆቹ ይሄን ነገር የኤልሳቤጥ አንገትጌ ነው የሚሉት። በ16ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዟ ንግሥት በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ጊዜ መኳንንቱ አንገታቸው ላይ የተሸበሸበ ሰፊ አንገትጌ ያስሩ ነበር፤ እሱን ስለሚመስል ነው። ሎሚ የንግሥት ልብስ ነው የለበሰችው በያቸው። ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ፤ ከነገ ወዲያ ራሳቸው ይጠብቁልሻል። ለአከራይሽ ግን በአክብሮት ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሲገባቸው ይረዱሻል።

አሁን የምነግርሽን እናትሽ ታውቃለች። ወንድምሽም አንቺም አታውቁም።

ውሻችንን ጃክን ታስታውሽዋለሽ። በ1996 ስድስት ዓመትሽ ነበር። ያኔ ሀዋሳ ውስጥ ሰው የሚሄደው በጋሪ ነው። ጃክ የጎረቤት ድመት ሲያባርር ጋሪ ሥር ገባ። ጎኑ ከፊት እግሩ ሥር ጀምሮ እስከ ሆዱ ተተረተረ። እኔና አጎትሽ በማዳበሪያ ይዘን ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ ገና ወጣት ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል አጎንብሶ ሰፋው። እንደ ሎሚ ኮን ያለ የተዘጋጀ ፕላስቲክ እሱ ዘንድ አልነበረም። ቢጫ የዘይት ጀሪካን አምጥቶ ላይና ታቹን ቆረጠ። ጠርዙ እንዳይቆርጠው በፋሻ ጠቀለለው። አንገቱ ላይ በገመድ አሠረለትና «መምህር፣ ይሄን እንዳትፈታው» አለኝ። እኔ አሁን ለአንቺ እንደምልሽ። በሩ ጋ ደርሰን ስንወጣም ደገመልኝ።

ሦስት ቀን ቻልኩ። ጃክ መንገዱ ጠፍቶበት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ግድግዳ ይገጫል። ውሃ ሊጠጣ ሲል ጀሪካኑ ሳህኑን ይመታና ውሃው ይደፋል። አንቺ ታለቅሻለሽ፤ «አባ ፍታው፣ አባ ፍታው» ትያለሽ። በአራተኛው ማታ ተነስቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ መተኛት አቅቶት። አየኝና ጭራውን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ መታ። ገመዱን ፈታሁለት። ለዛሬ ማታ ብቻ ብዬ። ቃሉ ራሱ ያንቺው ቃል ነው፤ ለዚህ ነው ትናንት የደነገጥኩት። እጄን ላሰኝ። ገብቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስወጣ ስፌቱ አልነበረም። ሁሉንም አውጥቶታል። ዝንብ ከእኔ ቀድሞ ደርሶበታል። ሐኪሙ ሁለተኛ አጥቦ ሰፋው፤ መርፌም ወጋው። ግን ቁስሉ ተመርዞ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ነው የቆየው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት አልበላም። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጀሪካኑን አንስቶ አየው፣ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

አንቺን ቁስሉን እንዳታዪ ሻሸመኔ አክስትሽ ጋ ልከንሽ ነበር። ስትመለሺ ገና ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ «ጃክስ?» አልሽ። ወንዶ ገነት እርሻ ላለው ሰው ሰጠሁት አልኩሽ። እዚያ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ይሮጣል አልኩሽ። አመንሽኝ።

ከዚያ በኋላ ወንዶ ገነት ፍልውሃ በሄድን ቁጥር የመኪናውን መስኮት ትከፍቺ ነበር። «ጃክ! ጃክ!» እያልሽ እስክንደርስ ትጣሪ ነበር። እናትሽ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። አንድ ጊዜ ቡናማ ውሻ ከአጥር ሥር ወጥቶ ጮኸ። «አባ፣ አወቀኝ!» አልሽ። አዎ፣ አወቀሽ አልኩሽ። ይሄን ያልኩበትን ቦታ ዛሬም ሳልፍበት አውቀዋለሁ።

22 ዓመት ሆነው። ስታድጊ እነግራታለሁ አልኩ። አደግሽ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ አልኩ። ገብተሽ ጨረስሽ። አዳማ ሥራ ይዘሽ ስትሄጂ መናኸሪያ ቆመን ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሚኒባሱ ሞላና ሄድሽ።

ጃክ የመጀመሪያዬም አልነበረም። አራት ዓመትሽ ላይ ጉድፍ ወጥቶብሽ እናትሽ እንዳታኪ ብላ እጅሽን በካልሲ ጠቅልላ አሠረችው። አለቀስሽ። እሷ ገበያ ስትሄድ ፈታሁልሽ። ከቅንድብሽ በላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያ ቀን ናት። እናትሽ እስከ ዛሬ ፀጉርሽን ስትሠራሽ እጇ እዚያ ላይ ቆም ይላል።

ስለዚህ አትፍቺላት። ቀን እያየሻት ቢሆን እንኳ አትፍቺላት። ሌሊት ደግሞ ፈጽሞ። ሰው ሲተኛ ነው ሥራዋን የምትሠራው።

ስትበላ ብቻ መፍታት ትችያለሽ፤ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ፣ ስልክሽን አስቀምጠሽ። በልታ እንደጨረሰች መልሰሽ እሠሪው። ባትፈቺውም መብላት ትችላለች። ሳህኑ ከኮኑ አፍ የጠበበ ይሁንና ትንሽ በርጩማ ወይም ጡብ ላይ አስቀምጪላት። ኮኑን ሳህኑ ላይ ደፍታ ትበላለች። አንድ ሁለት ጊዜ ያስቸግራታል፣ ከዚያ ትለምደዋለች። ጃክም በሦስተኛው ቀን ለምዶት ነበር። ያን አላስተዋልኩም።

ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ ቀን በላክሽው ፎቶ ላይ ኮኑ አጭር መስሎኛል። ጠርዙ ከአፍንጫዋ ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ማለፍ አለበት። አጭር ከሆነ ተጠማዝዛ ሆዷ ጋ ትደርሳለች። ለኪው። አጭር ከሆነ ነገውኑ ሐኪሙ ጋ ሄደሽ ቀይሪው፤ ገንዘቡን በቴሌብር እልክልሻለሁ። አንገቷና ማሠሪያው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ከዚያ ከላላ በእግሯ ታወልቀዋለች፣ ከጠበቀ ይከረክራታል። በየቀኑ ማሠሪያው ሥር ጣትሽን አስገብተሽ ፀጉሯ እንዳልተላጠ፣ ቆዳዋ እንዳልቀላ እዪ። ኮኑ ላይ ምግብና ምራቅ ይደርቃል፤ በሳሙና እጠቢና አድርቂው።

ቁስሏን ጠዋትና ማታ እዪው። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ከሸተተ ወይም አፉን ከከፈተ «እስቲ እስከ ነገ ልይ» አትበይ። የሰፋት ሐኪም ካልተገኘ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ከአዳማ ቅርብ ነው። ኮንትራት መኪና ያዢ፣ እኔ እከፍላለሁ።

አልኮል እንዳታፈሺበት። ቅባትም፣ ቅጠልም እንዳታደርጊበት። ክሩ እስኪወጣ አትጠቢያት። ለራስሽ ራስ ምታት የምትውጪውን ኪኒን ደግሞ እንዳትሰጫት! ፓራሲታሞልም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ዳይክሎፌናክም። ለሰው የሚሆነው ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። አመማት ብለሽ ካሰብሽ ለሐኪሙ ደውይ።

የአዳማን ንፋስ አውቀዋለሁ። ያለ ምክንያት ኮረብታው ላይ ያን ሁሉ ተርባይን አልተከሉበትም። አቧራው ሲነሳ ቤት አስገቢያት። አፈር ላይ አትተኛ፤ የሚታጠብ ጨርቅ አንጥፊላትና በየቀኑ ቀይሪው። ዝንብ ካለ በሩ ላይ መጋረጃ አድርጊ። ለሽንት ስትወጣ በገመድ ይዘሻት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ። ሩጫ የለም፣ አልጋ ላይ መዝለል የለም። ጭንሽ ላይ ከፈለገች አንቺ ወለሉ ላይ ቁጭ በይ።

እናትሽ የወንድምሽን የልጅነት ቲሸርት ከሳጥን ቆፍራ አውጥታለች። በነገው ሚኒባስ ከበርበሬው ጋር እንልክልሻለን። የፊት እግሮቿን በእጅጌው አስገቢና ሆዷን ሸፍኚላት፤ ሽንት ስትወጣ ከኋላ ሰብስበሽ ቋጥሪው። ሲቆሽሽና ሲረጥብ ቶሎ ቀይሪው። ግን ቲሸርቱ ከኮኑ ጋር ነው እንጂ በኮኑ ፋንታ አይደለም። ቲሸርት ለበሰች ብለሽ አትፍቺላት።

ደክሞሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሥራ ገብተሽ፣ ያ ኮን የበሩን ጠርዝ ሲመታ፣ ሌሊት ስትንጎዳጎድ እንቅልፍ እንደማይኖር አውቃለሁ። ልብሽ የሚራራ ልጅ ነሽ፤ ይሄን ከእኔ ነው የወሰድሽው። ከመንገድ አንስተሽ ያሳደግሻት ውሻ ስታይሽ ልብሽ ምን እንደሚሆን ይገባኛል። ሲብስብሽ እኔ ጋ ደውይ። በማንኛውም ሰዓት። አነሳለሁ። ስናወራ ሌሊቱ ያልፋል።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ስትመጪ ሎሚንም ይዘሻት ነይ። ያኔ ድና ትሮጣለች። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ወረቀት አትርሺ፤ እናትሽ ትጠይቅሻለች።

ስትመጪ ጓሮ ይዤሽ እሄዳለሁ። ጃክ እዚያ ነው፤ አቮካዶው ሥር፣ እናትሽ ልብስ በምታሰጣበት በኩል። ዛፉን የተከልኩት በዚያው ሳምንት ነው። «አባ፣ ለምን ጥግ ላይ ተከልከው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ፀሐይ ያገኛል አልኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ፎቶ ላኪልኝ። አንዱ ቁስሏ፣ አንዱ አንገቷ። እስኪመጣ አልተኛም።

አባትሽ