የሙዚቃ መሪ የሚሠለጥነው በሙዚቀኞች ፊት ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣

በሀገራችን ስለ ሙዚቃ ትምህርት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ድምፃውያንና ስለ መሣሪያ ተጫዋቾች ነው። ከፊታቸው ቆሞ የሚመራቸው ሰው ከየት እንደሚገኝና በማን እጅ እንደሚሠለጥን የሚጽፍ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። በመዘምራንና በትምህርት ቤት ባንዶች ዙሪያ የኖርሁ መምህር በመሆኔ፣ በዩኒቨርሲቲ ወጣት የሙዚቃ መሪዎችን ስለ ማሠልጠን ያለኝን አስተያየት እንድታስተናግዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመሪነት ትምህርት ከሌላው የሙዚቃ ትምህርት የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ችግር አለ። የክራር ተማሪ ክራሩን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ፒያኖ የሚያጠናውም በሩን ዘግቶ እስኪደክመው መለማመድ ይችላል። የመሪ መሣሪያ ግን ሰዎች ናቸው። በመስታወት ፊት ቆሞ ሦስት ምትና አራት ምት ማሳየትን መልመድ ይቻላል፤ ሆኖም መስታወት አይዘገይም፣ አይቸኩልም፣ የእጁ ምልክት ግልጽ ባልሆነ ጊዜም በተሳሳተ ቦታ አይገባም፤ ወጣቱን መሪ የሚያስተምረው ደግሞ ይኸው የሰዎች መዘግየት፣ መቸኮልና መሳሳት ነው። ከማውቃቸው ተመራቂዎች መካከል ኖታ አጥርተው የሚያነቡ፣ የሃርመኒን ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ነገር ግን በተማሪነት ዘመናቸው ሁሉ እውነተኛ ቡድን ፊት የቆሙት ለመመረቂያ ዝግጅታቸው ብቻ የነበሩ አሉ። ይህን ያህል የተማረ ሰው የመጀመሪያውን ልምምድ ሲመራ ድምፁ ሲርበደበድ ማየት ያሳዝናል።

የሕዝብ ብዛቷ ስድስት ሚሊዮን የማይሞላው ፊንላንድ በዓለም ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ፊት የሚቆሙ መሪዎችን በብዛት ማፍራቷ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። ለዚህ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1993 በሄልሲንኪው ሲቤሊየስ አካዳሚ የመሪነት መምህር የነበሩት ዮርማ ፓኑላ ናቸው። ኤሳ ፔካ ሳሎነን፣ ሳካሪ ኦራሞና ኦስሞ ቫንስካ የእርሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። ዘዴው ውስብስብ አልነበረም፤ ክፍሉ የራሱ አነስተኛ የልምምድ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ተማሪዎች ተራ በተራ ይመሩታል፣ ይቀረጻል፣ ከዚያ ተማሪው ቁጭ ብሎ ራሱን ያያል። መምህሩ ጥቂት ይናገራሉ፤ ቀረጻው ብዙ ይናገራል። (ፓኑላ ሴት መሪዎችን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2014 የተናገሩት ነገር በተገቢው ተቃውሞ አስከትሏል፤ እኛ ዘዴውን ወስደን አስተያየቱን እዚያው ብንተው ይሻላል።)

የእኛ ታሪክ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያኑ የነሐስ ባንድ ተጫዋቾች «አርባ ልጆች» መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ለረጅም ዘመን አሠልጥነዋል፣ አቀናብረዋል፣ መርተዋል። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ሙያው በሰው ላይ እንጂ በተቋም ላይ ስላልቆመ፣ ሰውየው ሲያልፍ ወይም ሀገር ሲለቅ እውቀቱም አብሮት ሄዷል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት፣ አቀናባሪም የኦርኬስትራ መሪም የሆኑት አሸናፊ ከበደ የኋለኛውን የማስተማር ዘመናቸውን ያሳለፉት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

ከውጭ የተቀዳ ሥልጠና ብቻውን እንደማይበቃም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ተወላጁ አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብ አነሣሽነት የተመሠረተው፣ በኋላም በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የየአካባቢውን ባህላዊ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ሲያሰባስብ የገጠመውን ጥያቄ የአውሮፓ የመሪነት መጽሐፍ አይመልሰውም። አንዱ ዋሽንት በአንድ ቃና የተበሳ በመሆኑ ተጫዋቹ ዜማው በተለወጠ ቁጥር ሌላ ዋሽንት ያነሣል፤ መሪው ይህን አስቀድሞ ካላሰበ ልምምዱ ይቆማል። ኖታ ከማያነብ፣ ነገር ግን አምባሰልንና አንቺሆዬን የመሳሰሉትን ቅኝቶች ከማንም በላይ ከሚያውቅ ባለማሲንቆ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ከበሮው የያዘውን ምት በእጅ ምልክት ሳያደናቅፉ እንዴት እንደሚመሩት የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ትምህርት የሚሰጡት ደግሞ ዲግሪ ይኑራቸውም አይኑራቸው በመድረክ የኖሩት አንጋፋዎች ናቸው።

በታላቅ እጅ ሥር ሆኖ መሠልጠን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዜማ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ከመምህሩ ፊት ሳይርቅ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ የዘለቀውም በጋይንት ወዳለችው የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔም ወርዶ ሳያስመሰክር መምህር አይባልም። ማስተማርን የሚማረው እያስተማረ ነው።

በመሆኑም ሙዚቃ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነገር ቢያደርጉ ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ለመሪነት ተማሪዎች በየሳምንቱ የሚሰበሰብ የልምምድ ቡድን ማቋቋም ነው። ሰማንያ ሰው ያለው ኦርኬስትራ አያስፈልግም፤ ከየመሣሪያው አንድ ወይም ሁለት ሆነው አሥራ ሁለት ተማሪዎች ቢገኙ ይበቃል፣ የተገኙበትም ሰዓት እንደ ትምህርት ሰዓት ተቆጥሮ ውጤት ቢያዝላቸው ማንም በግዴታ እንደ መጣ አይሰማውም። ለቀረጻውም የእጅ ስልክ ይበቃል። ሁለተኛው፣ በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዱን ተማሪ ከአንድ የቴአትር ቤት ኦርኬስትራ፣ ከመከላከያ ወይም ከፖሊስ ባንድ፣ አለዚያም ከአንድ ትልቅ የመዘምራን ቡድን መሪ ጋር ማያያዝ ነው። እዚያ ወንበር ከመደርደርና ኖታ ከማባዛት ጀምሮ፣ ከሩቅ ሲታይ ክብር የሌለው የሚመስለውን ሥራ ሁሉ ይልመድ፤ አንጋፋው መሪ በታመመ ወይም በዘገየ ቀንም በትሩን ይያዝ። ለአንጋፋው የሚከፈል ተገቢ አበል መኖር አለበት፤ በነጻ የሚጠየቅ ሰው ጊዜ የሚሰጠው ሲተርፈው ብቻ ነው።

ስለ ምዘናውም አንድ ነገር ልጨምር። የመሪ ተማሪ የመመረቂያ ውጤት ዛሬም ሆነ ወደፊት በመምህራን ዳኝነት ብቻ መወሰን የለበትም። በልምምዱ የተሳተፉት ሙዚቀኞች ምልክቱ ይገባቸው እንደ ነበር፣ ሰዓታቸውን በከንቱ አባክኖ እንደ ሆነ፣ ስሕተታቸውን ሳያዋርድ አርሞ እንደ ሆነ በጽሑፍ እንዲመሰክሩ ቢደረግ፣ ከውጤቱም ሩቡ ለእነርሱ ቢተው ተገቢ ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሙዚቃ መምህር፣ አዲስ አበባ